ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ፍራንክፈርት የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ወሩ ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ የሀገር ቤቱም ወሬ ተሟጦ ሲያበቃ፣ ልጆቿ እንደ ዘመኑ ልጅ ሁሉ ስልካቸውን ይዘው ጥግ ጥጋቸውን ይይዛሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ደህና ካርቶን ተሸክመው መጡና ሆድ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ባለ ስድስት ማዕዘን ቁርጥራጭ ካርቶኖች፣ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች፣ በግና ስንዴ፣ ጡብና ግንድ የተሳሉባቸው ካርዶች።

ወንዱ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ዘጠኝ። «አጎቴ፣ ና ቁጭ በል፤ ካታን እናስተምርህ» አሉኝ። (ጀርመን ያደገ ልጅ አማርኛ መናገሩም ትልቅ ነገር ነው፤ አንቱታውን ይቅር ብያለሁ።) ተቀመጥኩ። በአንድ ሰዓት ከምናምን ውስጥ ትንሿ በጓን በጡብ፣ ጡቧን በስንዴ እየለወጠች፣ መሐል መሐል እኔንም እያግባባች፣ መንገዴን ሁሉ ዘግታብኝ አሸነፈችኝ። የመርካቶ ነጋዴ ቢያያት ይቀጥራት ነበር።

ሽንፈቴን ለማስረሳት የሣጥኑን ክዳን አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሁለት ነገሮች ዓይኔን ሳቡት። አንደኛው ክዳኑ ላይ የሰው ስም መኖሩ ነው፤ ክላውስ ቶይበር ይላል። ሁለተኛው የቅጠል አክሊል የከበባት ትንሽ ቀይ የመጫወቻ ጠጠር፣ ሰው የምትመስል፣ እንደ ማኅተም መታተሟ ነው።

«ክላውስ ቶይበር ማነው?» አልኩ።

ልጁ ጅል እንደሚያይ ሰው አየኝ። «የጻፈው ነዋ!»

የጻፈው! እኔ መጽሐፍ እንጂ ጨዋታ የሚጻፍ አይመስለኝም ነበር። ለካ ጀርመኖች ጨዋታ ለሚፈጥር ሰው ያላቸው ቃል «የጨዋታ ደራሲ» ነው። እኔም አላርፍ ብዬ፣ የተሸነፈ ሰው ሀገሩን ማንሣት ይወዳልና፣ እኛም ዘንድ ገበጣ የሚባል፣ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥንታዊ ጨዋታ አለ ብዬ መኩራራት ያዝኩ። ልጁ በጥሞና ሰማኝና «እሱንስ ማን ጻፈው?» አለ። ዝም አልኩ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ስለዚያች ቀይ ጠጠር እያሳደድኩ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላጫውታችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላሰለቻችሁም።)

ማኅተሟ «ሽፒል ዴስ ያረስ» የሚባል ሽልማት ናት፤ «የዓመቱ ጨዋታ» ማለት ነው። ሽልማቱን በ1978 የመሠረቱት ፋብሪካዎች ወይም ነጋዴዎች አይደሉም። በየጋዜጣውና በየሬዲዮው ስለ ጨዋታ የሚጽፉና የሚናገሩ ጥቂት ጀርመናውያን ናቸው። ችግራቸው ግልጽ ነበር። ጨዋታ እንደ ብርቱካን ጨምቀህ፣ እንደ ጫማ ለክተህ አትገዛውም። ሣጥኑ ታሽጓል፤ ክዳኑ ላይ የሚስቅ ቤተሰብ ተስሏል፤ ውስጡ ግን ከገና ማግስት ጀምሮ ማንም የማይነካው ወረቀት ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ሐያሲ አለው፣ ፊልም ሐያሲ አለው። ጨዋታስ ለምን አይኖረውም? አሉና በዓመቱ ውስጥ በጀርመንኛ የወጡትን አዳዲስ ጨዋታዎች ተጫውተው አንዱን መምረጥ ጀመሩ።

መመዘኛቸውን ሳይ ደስ ያለኝ የሕጉን አጻጻፍ ከዋናዎቹ ነጥቦች አንዱ ማድረጋቸው ነው። የጨዋታው ሐሳብ አዲስ መሆኑ፣ የሣጥኑና የቦርዱ ሥራ ማማሩ እንዳለ ሆኖ፣ የመጫወቻ ሕጉ ተራ ሰው አንብቦ የሚረዳው ሆኖ በሥርዓት ካልተጻፈ ነጥብ ይጥላል። በየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ የሚያረቁ ወገኖቻችን እዚያ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ስንቱ ያልፍ እንደነበር አስቡት።

ከዚህም የሚገርመው የገንዘቡ ነገር ነው። ለአሸናፊው የሚቆጠርለት ብር የለም። የሚያገኘው ቀይዋን ጠጠር ሣጥኑ ላይ የማተም መብት ነው፤ ለዚያውም አሳታሚው ክፍያ ከፍሎ። ማኅበሩ የሚተዳደረው በዚሁ ክፍያ ነው። ዳኞቹ በጨዋታ ንግድ ውስጥ እጃቸውን ማስገባት አይፈቀድላቸውም፤ ጨዋታ ፈጥሮ ማሳተምና መዳኘት አብረው አይሄዱም። እኔ በዚህ ከተማ ስፖንሰሩ ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ እሱው ተሸላሚ፣ እሱው አጨብጫቢ የሆነበት የሽልማት ምሽት ስላየሁ ይህቺን ነጥብ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኳት። ታዲያ አንዲት ማኅተም ምን ትሠራለች? ብትሉ፣ አሸናፊ ሆኖ የተመረጠ ጨዋታ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ሣጥን ሊሸጥ ይችላል ይባላል። የጀርመን አያት ለገና ስጦታ ሱቅ ትገባለች፣ ቀይዋን ጠጠር ትፈልጋለች፣ ትገዛለች፣ ትወጣለች።

የመጀመሪያው ሽልማት በ1979 ተሰጠ። ያሸነፈው ጨዋታ «ጥንቸልና ኤሊ» ይባላል፤ ፈጣሪው ደግሞ ጀርመናዊ ሳይሆን ዴቪድ ፓርሌት የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ጨዋታው ቀደም ብሎ እንግሊዝ ሀገር ታትሞ የነበረ ሲሆን፣ ጀርመን ውስጥ ያወጣው ከ1883 ጀምሮ የነበረው ራቨንስቡርገር ነው። በዚህ ጨዋታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብልሃቱ ያስደስታልና።

ነገሩ የሩጫ ውድድር ነው፤ ግን ዳይስ የለውም። እኛ በሉዶ እንደምናውቀው ስድስት እስኪወጣልህ እግዜርን የምትለማመጥበት አይደለም። የሚያንቀሳቅስህ ካሮት ነው። አንድ እርምጃ ለመሄድ አንድ ካሮት ትከፍላለህ፤ ሁለት ለመሄድ ሦስት፣ ሦስት ለመሄድ ስድስት፣ አራት ለመሄድ አሥር። አሥር እርምጃ በአንዴ ልሂድ ካልክ 55 ካሮት! እንደ ጥንቸል የፈነጠዘ ቶሎ ይራባል። ካሮት ሲያልቅብህ ወደ ኋላ ተመልሰህ ኤሊ ያለችበት ቦታ ላይ ታርፋለህ፤ ለተመለስክበት ለእያንዳንዱ እርምጃ አሥር ካሮት ይሰጥሃል። ወደ ኋላ መመለስ የሚያተርፍበት ውድድር ማለት ነው። ይባስ ብሎ ካሮት አከማችተህ መጨረሻው ላይ ብትደርስም አያስገቡህም፤ ከተወሰነው በላይ የያዘ መግባት አይችልም፤ በልተህ፣ አራግፈህ መድረስ አለብህ። ፓርሌት ከዚያ በኋላ የጨዋታ ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ በ1999 ስለ ቦርድ ጨዋታዎች ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ተረት ውስጥ ያለውን ኤሊ በሂሳብ ማስረዳት የቻለ ሰው ታሪክ መጻፍ አያቅተውም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1980፣ ያሸነፈው ዛሬ እስራኤል ውስጥ ያሉ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ቤት ሁሉ ሳይገባ አይቀርም፤ ራሚኩብ ነው። የፈጠረው ሮማንያ የተወለደው ኤፍሬም ሄርትዛኖ፣ እስራኤል ሄዶ የመጀመሪያዎቹን መጫወቻዎች ከቤተሰቡ ጋር በቤቱ ጓሮ በእጁ እየሠራ የሸጠ ሰው ነው። በ1983 ደግሞ ኤሰን ከተማ ላይ የጨዋታ ዐውደ ርዕይ ተጀመረ፤ ዛሬ በየዓመቱ ጥቅምት ውስጥ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሚጎርፍበት ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። «ማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ ፈረንጅ ሀገርም ቢሆን ከድሮ ጀምሮ የሚጠየቅ አልነበረም።

ሞኖፖሊን የማያውቅ የለም። የአሜሪካው ፓርከር ብራዘርስ በ1935 ሲያወጣው ፈጣሪው ቻርልስ ዳሮው የተባለ ሥራ ያጣ ሰው ነው ተብሎ ለዓለም ተነገረ፤ ዳሮውም ከበረ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ኤሊዛቤት ማጊ የተባለች ሴት «የባለርስቱ ጨዋታ» ብላ የፈጠራ መብት ያወጣችበት በ1904 ነው። ዓላማዋም መሬት ጥቂት ሰዎች እጅ ሲገባ ሌላው እንዴት እንደሚደኸይ ማሳየት ነበር። ሁለት ዓይነት ሕግ ነበረው፤ በአንዱ አንድ ሰው ሁሉን ጠቅልሎ ያሸንፋል፣ በሌላው የአንዱ ማግኘት ለሁሉም ይደርሳል። «መሬት ለአራሹ» ይል የነበረው የኛ ትውልድ ያኔ አግኝቶት ቢሆን ይወደው ነበር። ኩባንያው የማጊን መብት በ500 ዶላር ገዛት፤ ከሽያጩ የሚደርሳት ድርሻ አልነበረም። ዓለም የወደደውም መጠቅለያውን ሕግ ነው። ማጊ በ1948 ሞተች። ስሟ ከአቧራ የወጣው በ1970ዎቹ ራልፍ አንስፓክ የሚባል የኢኮኖሚክስ መምህር «ፀረ ሞኖፖሊ» የተባለ ጨዋታ ስላወጣ ተከስሶ፣ ለመከላከያ ብሎ የሞኖፖሊን የትውልድ ሐረግ ሲቆፍር ነው። ሰው ሲከሰስ ታሪክ ያነባል።

ጀርመን ውስጥ ራሱ በ1914 በገፍ መታተም የጀመረውን የሉዶ ዘመድ «ሰውዬ፣ አትናደድ» የሚባለውን ጨዋታ ውሰዱ። ባለቤቱ ዮዜፍ ፍሪድሪኽ ሽሚት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 3 ሺህ ሣጥን ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል ልኮ፣ ወታደሮቹ በየመንደራቸው አሰራጩለት ይባላል። የሱ ስም ሳይጠፋ የቀረው ግን ፈጣሪ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ድርጅቱም የሱ ስለነበረ ነው። የጨዋታው ሥር ከህንድ የመጣ ነው፤ እዚያ ማን እንደፈጠረው የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ሽልማቱ ከተጀመረ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ በ1988፣ ኑረንበርግ ላይ የሆነች ነገር አለች፤ እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የወደድኳት እሷን ነው። በየዓመቱ የሚካሄደው የአሻንጉሊት ንግድ ዐውደ ርዕይ ላይ የመጡ ጨዋታ ፈጣሪዎች ማታ ተሰባስበው ቢራ ይጠጣሉ። ጨዋታው ተጫዋቹን፣ አሳታሚው ገንዘቡን አግኝቷል፤ እነሱ ግን ሣጥኑ ላይ የሉም። የቅጂ መብት ሕግም ብዙ አይደግፋቸውም፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ቃልና የተሳለውን ሥዕል እንጂ የጨዋታውን ሐሳብ አይደለምና። ከመካከላቸው አንዱ ከብርጭቆው ሥር ያለችውን ክብ ካርቶን ገለበጠና ጻፈባት። ስሜ ክዳኑ ላይ ካልተጻፈ ጨዋታዬን ለአሳታሚ አልሰጥም የሚል ቃል ነበር። 13 ሰዎች ፈረሙባት፤ እንደ አሌክስ ራንዶልፍና ራይንሆልድ ቪቲሽ ያሉ አንጋፋዎች አሉበት። ቢራ የነካው ቃል ኪዳን በማግስቱ ይረሳል ብዬ ነበር የማስበው፤ ይህ ግን አልተረሳም። አሳታሚዎች አንድ በአንድ ስም ማተም ጀመሩ፤ በ1991 ፈጣሪዎቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

ሽልማቱና ካርቶኗ ተያይዘው የሄዱ ይመስለኛል። ሐያሲ ካለ ደራሲ መኖር አለበት፤ የማንን ሥራ ነው የምተቸው ይላላ! በየዓመቱ ዳኞቹ መድረክ ላይ ቆመው የሰው ስም ሲጠሩ፣ ገዢውም ቀስ በቀስ የሰው ስም መፈለግ ለመደ። እኛ ካሴት በምንገዛበት ዘመን ዘፋኙን አውቀን ግጥሙንና ዜማውን የሠራውን ለማወቅ ሽፋኑን በአጉሊ መነጽር ስንፈልግ የነበርን ሰዎች ይህ ልማድ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚመጣ እናውቃለን።

ክላውስ ቶይበር የመጣው በዚህ መሐል ነው። ሥራው ጥርስ ነበር፤ ዳርምሽታት ከተማ አጠገብ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቤተ ሙከራ ነበረው። ሥራው ሲያስመርረው ማታ ማታ ከምድር ቤቱ ገብቶ ጨዋታ ይቀምማል፤ ቅዳሜና እሑድ ሚስቱንና ልጆቹን ያስፈትናል። በ1988 አሸነፈ፣ በ1990 አሸነፈ፣ በ1991 ደገመ። አራተኛው ካታን ነው፤ 1995። ካታን ውስጥ ጦርነት የለም፤ ማንም ተባርሮ ከጠረጴዛ አይነሣም። ሞኖፖሊ ላይ የከሰረ ልጅ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ማልቀስ ይችላል፤ እዚህ ግን የሁሉም ዕድል እስከ መጨረሻ አለ፣ ደግሞም በራስህ ተራ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ተራ ትነግዳለህ። በሽልማቱ ማግስትም ቢሆን ጥርሱን ወዲያው አልተወም፤ ሙሉ ጊዜውን ለጨዋታ የሰጠው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። በ2023 ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በ70 ዓመቱ ሲሞት ካታን ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ነበር። ሞቱን ብዙ የዓለም ጋዜጦች ዘገቡት። የገበጣን ፈጣሪ ቀብር የዘገበ የለም።

ሽልማቱ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በ2002 «ፖርቶ ሪኮ» የተባለ የረቀቀ ጨዋታ ታጭቶ ሳለ፣ ምሰሶ እየመዘዙ ፎቅ የሚያስረዝሙበት «ቪላ ፓሌቲ» አሸነፈ፤ ቀንደኞቹ ተጫዋቾች ያኔ የተናደዱት እስከ ዛሬ አልወጣላቸውም። ዳኞቹ ሁልጊዜ የሚያስቡት ለዚያች ለገና ለምትገዛው አያት ስለሆነ ከባድ ከባዱ ይገፋል። በ2011 ለለመዱ ተጫዋቾች የሚሆን ሌላ ሽልማት የጨመሩትም ለዚህ ይመስለኛል፤ የልጆቹ ደግሞ ራሱን የቻለው በ2001 ነው። ስለ «ፖርቶ ሪኮ» ካነሣን ዘንድ፣ ያኔ ብዙም ያልተወራ ነገር ነበረበት። በደሴቲቱ እርሻ ላይ የሚሰማሩት ቡናማ ጠጠሮች «ሰፋሪዎች» ይባላሉ፤ የዚያን ዘመን የስኳርና የትንባሆ እርሻ ማን እንደሚያርሰው የሚያውቅ ሰው ግን ቡናማዋን ጠጠር ሲያይ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። በ2022 ዘመኑን ወደ 1897 ለውጠው፣ ባርነት ከቀረ በኋላ አድርገው እንደገና አሳተሙት። ሃያ ዓመት ፈጀ። የጨዋታውን ደራሲ ስም ክዳኑ ላይ አስጽፎ የጠጠሮቹን ስም መርሳት ይቻላል ማለት ነው።

ማጊንም አስቤ የሴቶቹን ስም ፈልጌ ነበር። በ2006 ካረን ዛይፋርት ከባሏ ጋር፣ በ2011 አሜሪካዊቷ ሱዛን ማኪንሊ ሮስ ለብቻዋ፣ በ2020 ዳኒየላ ሽቶር ከባሏ ጋር አሸንፈዋል። በ2025 ያሸነፈው ጃፓናዊው ሂሳሺ ሃያሺ ነው። ቀይዋ ጠጠር ብዙ ሀገር ደርሳለች።

ልጁ ግን የጠየቀኝ ስለ ገበጣ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ረዘም ያለ ጥናት አሳትመዋል። ሕጉ በየአካባቢው ይለያያል፤ የዚህ ሀገር ሰው እንዲህ ይጫወታል፣ የዚያኛው እንዲያ። የቦታ ስም እንጂ የሰው ስም የለበትም፤ ሊኖርም አይችልም። እኔም ለልጁ ይህንኑ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። የሕዝብ ነው፣ ሁላችንም ጻፍነው እላለሁ ብዬ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ደሴ ልጅ ሳለሁ መንገዳችን ዳር አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ከሣጥኑ አጠገብ አሥራ ስምንት ጉድጓድ የተፈለፈለበት ጣውላ ያስቀምጣል፤ ደንበኛ ሲጠፋ ከኛ ከውሪዎቹ ጋር ይጫወታል። የሱ ገበጣ አንድ የተለየ ሕግ ነበረው። የተሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ዙር ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚጀመር ይመርጣል፣ እሱው ይጀምራል። ሌላ ሰፈር ሄደን ስንጫወት «ይሄ ምንድነው?» ይሉን ነበር፤ «የኛ ሰፈር ሕግ ነው» እንላለን። ከማን እንደተማረው ስንጠይቀው ልጆች እያለቀሱ ስላስቸገሩት ራሱ እንዳወጣው ነግሮን ነበር። አስቡት፣ ሰውየው ኋላ ለቀረ ተጫዋች መደገፊያ አበጅቷል፤ ፓርሌት ለኤሊዋ ካሮት እንደሰጠው። እኛ ግን «የኛ ሰፈር» አልነው።

ለልጁ ስልክ ደውዬ ይህን አወራሁት። ከእንቁላል ካርቶን ገበጣ ሠርቶ ኖሮ፣ «ጥሩ፤ ስሙን ንገረኝና ክዳኑ ላይ ልጻፈው» አለኝ። ቆይ ብዬው ደሴ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። ብዙ አሰበች። ልጆቹ የት እንደሄዱ፣ የትኛው ክረምት እንደሞተ፣ ለቀብሩ ዕድሩ ድንኳን እንደተከለ ሁሉ ታስታውሳለች።

«ስሙን?» አለች። «ጫማ ሰፊው ነበር የምንለው።»